ሚዛኑ በማን እጅ ነው? የኅብረት ሥራ፣ የማኅበራዊ ሥራ ፈጠራና የዘላቂነት ጥናት አጭር ታሪክ

አንድ ዩኒየን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር አስቀድሞ የሚነገረው የአባል ማኅበራት ቁጥር፣ የካፒታል ዕድገት፣ የተገዛው ተሽከርካሪና የተሠራው መጋዘን ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ የድካም ውጤት በቅድሚያ የሚገለጸው በዓይን በሚታይና በቁጥር በሚነገር ነገር ነውና። ይሁን እንጂ በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ዕድሜ ውስጥ ከዚህ የማያንስ ክብደት ያለው ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም የተገኘው ውጤት ለማን ደረሰ? በምንስ ተለካ? የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ በአሁኑ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ተቋማት «ማኅበራዊ ሥራ ፈጠራ» እና «የኩባንያዎች ዘላቂነት» በሚሉ ርእሶች ሥር ሰፊ ጥናት ይካሄድበታል። ማኅበራዊ ሥራ ፈጠራ ሲባል የኅብረተሰብን ችግር በምጽዋት ሳይሆን ወጪውን ራሱ በሚሸፍን ሥራ ለመፍታት የሚደረግ ጥረት ነው። የኩባንያዎች ዘላቂነት ደግሞ አንድ የንግድ ድርጅት የዛሬ ትርፉን ሲያሰላ ሠራተኛውን፣ ምርት የሚያቀርብለትን ገበሬ፣ መሬቱንና ውኃውን ጭምር በሒሳቡ ውስጥ እንዲያስገባ የሚጠይቅ አስተሳሰብ ነው። ስሞቹ አዲስ ይምሰሉ እንጂ ነገሩ ለኅብረት ሥራ አባላት እንግዳ አይደለም። የጥናቱን ታሪክ ከሥሩ መመልከት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ታሪኩ የኅብረት ሥራን ክብር ከፍ የሚያደርገውን ያህል፣ ማኅበራት ራሳቸውን እንዲጠይቁም ያስገድዳል።

ከስሙ በፊት ሥራው ነበር

በአገራችን ገጠር ደቦና ወንፈል የጉልበት እጥረትን፣ ዕቁብ የገንዘብ እጥረትን፣ ዕድር ደግሞ የሐዘን ጊዜ ወጪን ለመሸከም የተፈጠሩ ናቸው። ማንም ተመራማሪ ስም ሳያወጣላቸው ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት፣ በራሱ ዳኛና በራሱ ቅጣት ሲያስተዳድራቸው ኖሯል። ነገር ግን እነዚህ ድርጅቶች በአብዛኛው በጎረቤታሞች መካከል ያለውን ችግር ለማቃለል እንጂ ሩቅ ገበያ ገብቶ ለመደራደር የተቋቋሙ አልነበሩም። ገበያ ገብቶ የሚነግድ፣ ትርፉን ግን ለአባላቱ የሚመልስ ድርጅት በጽሑፍ ደንብ ጸንቶ የቆመበት እጅግ የታወቀው ምሳሌ የሚገኘው በእንግሊዝ አገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1844 በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው ሮችዴል ከተማ አብዛኛዎቹ ሸማኔዎችና የእጅ ባለሙያዎች የሆኑ 28 ሰዎች በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም እያዋጡ እያንዳንዳቸው 1 ፓውንድ አጠራቀሙ። በዚያ ዘመን የድሃ ሠፈር ነጋዴዎች ዱቄቱን ከባዕድ ነገር እየቀላቀሉ፣ ሚዛኑንም እያጎደሉ መሸጣቸው የተለመደ ነበር። ገዢውም ዕዳ ስላለበት ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ አይችልም። ማኅበርተኞቹ ታኅሣሥ 21 ቀን 1844 እ.ኤ.አ. ማታ የከፈቱት መደብር ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ብቻ የነበረበት ነው። ነገር ግን ዕቃው ንጹሕ፣ ሚዛኑም ትክክል ነበር።

የሮችዴል ሰዎች ለዓለም ያወረሱት መደብሩን ሳይሆን ደንቡን ነው። አባል የቱንም ያህል ገንዘብ ያስገባ ድምፁ አንድ ነው። ለካፒታል የሚከፈለው ወለድ የተወሰነ ነው። የተረፈው ትርፍ የሚከፋፈለው አባሉ ባስቀመጠው ገንዘብ ልክ ሳይሆን ከመደብሩ በገዛው ዕቃ መጠን ነው። ሒሳብ በየጊዜው ለአባላት ይገለጻል። ከጊዜ በኋላም ከትርፉ 2.5 በመቶ ለአባላት ትምህርት እንዲመደብ ተደርጓል። ዛሬ በአገራችን መሠረታዊ ማኅበራት ውስጥ የትርፍ ክፍፍል አባሉ ባቀረበው ምርት መጠን የሚሰላበት አሠራር ሥሩ ከዚህ ይመዘዛል።

በጀርመን አገርም በዚያው ዘመን ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን የተባሉ የገጠር ከንቲባ ተመሳሳይ ጎዳና ተጉዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1846 እና 1847 በደረሰው የረሀብ ክረምት መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ከባለጸጎች ገንዘብ አሰባስበው ለችግረኞች ዱቄትና ዳቦ ማቅረብ ነበር። ይሁንና የባለጸጎች ቸርነት ብቻውን ብዙ እንደማያራምድ በሥራ ተረዱ። እ.ኤ.አ. በ1864 ሔደስዶርፍ በተባለው ቦታ ያደራጁት ማኅበር ተበዳሪው ራሱ አባልና ዋስ የሆነበት ነበር። ልምዳቸውንም እ.ኤ.አ. በ1866 በመጽሐፍ አሳተሙ። የገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበራት ከዚያ ተነሥተው ወደ ብዙ አገሮች ተሠራጩ።

የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎችና የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ

ሥራው ውጤት ሲያሳይ ጸሐፊዎችና ተመራማሪዎች መጡ። ጆርጅ ጃኮብ ሆልዮክ የሮችዴልን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1858 በመጽሐፍ አውጥተው ስሙ ከእንግሊዝ ውጭ እንዲታወቅ አድርገዋል። የእርሳቸው ሥራ ያደንቃል፣ ያበረታታል።

ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ቢያትሪስ ፖተር፣ ኋላም ቢያትሪስ ዌብ በሚል ስም የታወቁት ተመራማሪ ግን ጠንከር ያለ ጥያቄ አነሡ። እ.ኤ.አ. በ1891 ባሳተሙት የእንግሊዝ ኅብረት ሥራ ንቅናቄ ጥናት የሸማቾችን ማኅበራት ደግፈው፣ የአምራቾች ማኅበራትን በተመለከተ ግን ማስጠንቀቂያ ሰጡ። በእርሳቸው አስተያየት እነዚህ ማኅበራት ወይ ካፒታል አጥሯቸው ይከስራሉ፤ ወይም ሲበለጽጉ ጥቂት ባለ ድርሻዎች ሌላውን የሚያሠሩበት ተራ ኩባንያ ይሆናሉ።

ለዚህ ስጋት ማስረጃው ሩቅ አልነበረም። በዚያችው ሮችዴል እ.ኤ.አ. በ1854 የተቋቋመው የጥጥ ፋብሪካ ማኅበር መጀመሪያ ከትርፉ ለሠራተኞቹ ድርሻ ይሰጥ ነበር። ንግዱ ሲሰፋ ትርፍ ብቻ የሚፈልጉ አዳዲስ ባለ ድርሻዎች በርክተው ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1862ም የሠራተኛው የትርፍ ድርሻ በድምፅ ብልጫ ተሰረዘ። ፋብሪካው አልከሰረም፤ ነገር ግን የተቋቋመበትን ዓላማ ለቀቀ። ዛሬ ተመራማሪዎች «ከዓላማ መንሸራተት» የሚሉት ጉዳይ እንግዲህ ከ160 ዓመታት በፊት በኅብረት ሥራ መፍለቂያ ቦታ የታየ ነው።

ኩባንያዎችስ ለማን ይሠራሉ?

ማኅበራት ይህን ሲፈተኑ፣ በሌላ በኩል ትላልቅ ኩባንያዎች የባለ አክሲዮኖቻቸውን ትርፍ ከማሳደግ ሌላ ግዴታ አለባቸው ወይ? የሚል ክርክር ተጀመረ። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ሃዋርድ ቦወን እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት መጽሐፍ የነጋዴዎች ውሳኔ የብዙ ሰዎችን ኑሮ ስለሚነካ ነጋዴው ለኅብረተሰቡ ኃላፊነት አለበት አሉ። የዚህ ዘርፍ ምሁራን ጥናቱን የሚጀምሩት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ መጽሐፍ ነው። በአንጻሩ ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1970 በአንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ መጽሔት ላይ፣ በሕግ ወሰን ውስጥ ሆኖ ትርፍ ማሳደግ ራሱ የኩባንያ ኃላፊነት መሆኑን፣ ሥራ አስኪያጁ በሰው ገንዘብ ደግ መሆን እንደማይገባው ተከራከሩ።

ክርክሩ በዚህ እንዳለ የመሬት መራቆት፣ የደን መመናመንና የአየር ብክለት የዓለም አጀንዳ ሆኑ። የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የመሩት የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1987 ባቀረበው ሪፖርት ዘላቂ ልማት ማለት የዛሬውን ትውልድ ፍላጎት እያሟሉ የመጪውን ትውልድ ዕድል አለማጥፋት መሆኑን አስረዳ። ይህ ለአርሶ አደር አዲስ ትምህርት አይደለም። ለዘር የተቀመጠን እህል አብስሎ አለመብላት የሚባለው ይኸው ነው።

እንግሊዛዊው ጆን ኤልኪንግተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ኩባንያዎች ሒሳባቸውን በሦስት መዝገብ እንዲይዙ የሚጠይቅ ሐሳብ አመጡ። አንደኛው የገንዘብ ትርፍ፣ ሁለተኛው በሰው ላይ የደረሰው ጥቅምና ጉዳት፣ ሦስተኛው በተፈጥሮ ላይ የደረሰው ጥቅምና ጉዳት ነው። ሐሳቡ በመላው ዓለም በኩባንያ ሪፖርቶች ውስጥ ገባ። የሚያስገርመው ግን ኤልኪንግተን ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ሐሳባቸውን እንደገና ለመመርመር ጥሪ ማቅረባቸው ነው። ምክንያታቸውም ኩባንያዎች አሠራራቸውን እንዲለውጡ የታሰበው ነገር ወደ ሪፖርት ማሳመሪያ እየተለወጠ መምጣቱ ነበር። ከዚህ መረዳት የሚቻለው መለኪያ ማውጣት ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። የሚለካው ራሱ ተለኪው ከሆነና ሌላ የሚያመሳክር ከሌለ ሚዛኑ ወደ ያዘው ሰው ያጋድላል።

«ማኅበራዊ ሥራ ፈጠራ» የሚለው ስም ሲወጣ

በዚሁ ዘመን ሌላ የጥናት መስመር ተከፈተ። በባንግላዴሽ የቺታጎንግ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ መምህር የነበሩት ሙሐመድ ዩኑስ እ.ኤ.አ. በ1976 በዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ ባለችው ጆብራ መንደር ለ42 ሰዎች በድምሩ 27 ዶላር ያህል አበደሩ። ሰዎቹ በአራጣ አበዳሪ እጅ የወደቁ ነበሩ። ከዚህ ትንሽ ሙከራ ተነሥቶ ግራሚን ባንክ እ.ኤ.አ. በ1983 ተቋቋመ፤ አብዛኛው ድርሻም የተበዳሪዎቹ ሆነ። ዩኑስና ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2006 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተጋርተዋል።

በአሜሪካ ቢል ድሬይተን እ.ኤ.አ. በ1980 አሾካ የተባለውን ድርጅት መሥርተው ማኅበራዊ ችግር የሚፈቱ ግለሰቦችን መደገፍ ጀመሩ። ግሪጎሪ ዲስ የተባሉ መምህርም እ.ኤ.አ. በ1998 በጻፉት አጭር ጽሑፍ ማኅበራዊ ሥራ ፈጣሪ ማን እንደሆነ ተነተኑ። በእርሳቸው አገላለጽ ለእንዲህ ያለ ሰው ገንዘብ መሣሪያ እንጂ ግብ አይደለም።

የአውሮፓ ተመራማሪዎች ግን ከአንድ ጀግና ግለሰብ ይልቅ በድርጅቱ አወቃቀር ላይ አተኮሩ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ሕግ ለአካል ጉዳተኞችና ለችግረኞች አገልግሎትና ሥራ የሚሰጡ «ማኅበራዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት» የተባሉ ድርጅቶችን እውቅና ሰጠች። ከዚህ ተሞክሮ በመነሣት እ.ኤ.አ. በ1996 የተሰባሰቡት የአውሮፓ ተመራማሪዎች አንድን ድርጅት ማኅበራዊ ነው የሚያሰኘው የሚሠራው ሥራ ብቻ ሳይሆን ውሳኔው በካፒታል መጠን አለመወሰኑና የትርፍ ክፍፍሉ ገደብ ያለው መሆኑ ጭምር ነው አሉ። የሮችዴል ደንብ እንደገና በምሁራን አንደበት ተነገረ ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ታላቅ ሥራ የኤሊኖር ኦስትሮም ነው። የጋራ ግጦሽ፣ ደንና ውኃ ባለቤት ስለሌለው መጥፋቱ አይቀርም የሚለውን አስተሳሰብ ለመፈተን የስዊዘርላንድን የተራራ ግጦሽ፣ የጃፓንን የመንደር ደኖች፣ የስፔንንና የፊሊፒንስን መስኖዎች አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ ባወጡበት፣ ራሳቸው በተቆጣጠሩበትና ጥፋተኛውን ደረጃ በደረጃ በቀጡበት ቦታ የጋራ ሀብት ለብዙ ዘመን ጸንቶ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል።

የኅብረት ሥራ ንቅናቄውም ከዚህ እንቅስቃሴ ወደ ኋላ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1895 ለንደን ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት 100ኛ ዓመቱን እ.ኤ.አ. በ1995 በማንቸስተር ሲያከብር ለአካባቢው ማኅበረሰብ ዘላቂ ልማት መሥራትን ሰባተኛ መርህ አድርጎ አጽድቋል። የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅቱ ዩኔስኮም በኅብረት ሥራ የመደራጀት ሐሳብና ልማድን በጀርመን አቅራቢነት በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ላይ ባደረገው ጉባኤ ነው። የገዳ ሥርዓትም በዚያው ጉባኤ ተመዝግቧል።

የኢትዮጵያ ጉዞ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የኅብረት ሥራ ሕግ የተጀመረው በ1953 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 44 ሲሆን በ1958 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 241 ተከትሏል። በደርግ ዘመን ማኅበራት በቁጥር በእጅጉ በዙ። ነገር ግን ብዙው አርሶ አደር ወደ አምራቾች ማኅበር የገባው በፈቃዱ አልነበረም። እህሉንም በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ ማስረከብ ነበረበት። በዚህም ምክንያት በመጋቢት ወር 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በአጭር ጊዜ ፈረሱ። ማኅበሩ የእርሱ እንደሆነ ያላመነ አባል ሊጠብቀው አልቆመም።

አዲሱ ምዕራፍ የተከፈተው በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ነው። አዋጁ አባልነት በፈቃደኝነት እንዲሆን፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ ብቻ እንዲኖረው፣ መሠረታዊ ማኅበራትም ተባብረው ዩኒየን እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ይህ ሕግ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 እስኪተካ ድረስ አገልግሏል። በዚያው በ1991 ዓ.ም. በ34 መሠረታዊ ማኅበራት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ተመሠረተ። የሲዳማና የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ዩኒየኖችም በተከታታይ ዓመታት ተቋቋሙ።

ጊዜው ፈታኝ ነበር። የዓለም ቡና አቅርቦት በኮታ የሚመራበት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ከፈረሰ በኋላ ዋጋው ሲዋዥቅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት አማካይ ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በዚያ ወቅት የፍትሐዊ ንግድ ምልክት ለታጠበ አረቢካ ቡና ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዋጋ የማኅበራዊ ልማት ጭማሪውን ይዞ በፓውንድ 1 ዶላር ከ26 ሳንቲም ነበር። ይህ ምልክት ራሱ የማኅበራዊ ሥራ ፈጠራ ውጤት ነው። በሜክሲኮ ኦአካካ ከሚገኙ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1988 ኔዘርላንድ ውስጥ የተጀመረ ሲሆን የገበሬዎቹ ጥያቄም ምጽዋት ሳይሆን ተገቢ ዋጋ ነበር።

ሁለተኛው ትግል በስም ላይ ነበር። የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያመለክት ከአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ ገጠመው። ክርክሩ ዓለም አቀፍ ትኩረት ካገኘ በኋላ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2007 ስታርባክስ ኩባንያና ኢትዮጵያ ስለ ስሞቹ አጠቃቀም የፈቃድና የማስተዋወቅ ስምምነት ላይ ደረሱ። ዘላቂነት ሲባል ከገዢው የሚመጣ ድጋፍ ብቻ ሳይሆን አምራቹ የራሱን ስም ባለቤትነት ማስከበሩም መሆኑ በዚህ ታይቷል።

ተመራማሪዎች በማኅበራቱ ደጃፍ

ዩኒየኖች እየተስፋፉ ሲሄዱ ተመራማሪዎችም መዝገብ ይዘው ወደ ገጠር ወረዱ። ያገኙት ውጤት ደስ የሚያሰኝም፣ የሚያሳስብም ነው።

ታንጊ በርናር፣ አለማየሁ ስዩም ታፈሰና እሌኒ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት የእህል ገበያ ጥናት ማኅበራት ለአባሎቻቸው የተሻለ ዋጋ ማስገኘታቸውን አረጋገጡ። ይሁን እንጂ የተሻለው ዋጋ አባላት ካመረቱት ውስጥ ወደ ገበያ የሚያወጡትን ድርሻ በአማካይ ብዙም አላሳደገም። ሰፋ ያለ ምርት ያላቸው ይበልጥ ሲሸጡ፣ አነስተኛ ማሳ ያላቸው ግን ዋጋው ሲሻሻል ጥቂት ሸጠው የቀረውን ለቤታቸው ማስቀረት መረጡ። ከአዘጋጆቹ አንዷ ዶክተር እሌኒ በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በመጀመሪያ ሥራ አስፈጻሚነት መርተዋል።

በርናርና ዴቪድ ስፒልማን እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረቡት ጥናት ደግሞ ጥያቄውን ወደ አባልነት አዞረ። እጅግ ድሃ የሆኑ አርሶ አደሮች ወደ ማኅበራት የመግባት ዕድላቸው ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። በተዘዋዋሪ ሊጠቀሙ ቢችሉም፣ አባል በሆኑበት ቦታ እንኳ ብዙ ጊዜ ከውሳኔ ርቀው ታይተዋል።

ፕራድዮት ጄናና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 በጅማ ዞን የቡና አምራቾች ላይ ያሳተሙት ጥናት የምስክር ወረቀትን ጉዳይ መረመረ። ወረቀቱ ለአነስተኛ አምራቾች ኑሮ ያስገኘው ለውጥ ዝቅተኛ መሆኑን፣ ምክንያቶቹም የምርታማነት ማነስ፣ የዋጋ ጭማሪው ኢምንት መሆንና ከማኅበሩ የሚገኘው ብድርና መረጃ ደካማነት መሆናቸውን ገለጸ። ጥቅሙ ከማኅበር ማኅበር ይለያይ ነበር፤ ማኅበሩ ጠንካራ በሆነበት ቦታ የአባሉም ጥቅም ከፍ ይላል። በአንጻሩ ደግነት አበባውና መክብብ ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት የማኅበር አባልነት አርሶ አደሩ ማዳበሪያ እንዲጠቀም በማድረግ በኩል ጉልህ አስተዋጽኦ ያለው ሆኖ ተገኝቷል።

እነዚህ ጥናቶች አንድ ላይ ሲነበቡ ማኅበር መቋቋሙ፣ ምስክር ወረቀት ማግኘቱ ወይም ወደ ውጭ መላኩ ብቻውን የአባሉን ኑሮ እንደማይለውጥ ያስረዳሉ። ልዩነት የሚያመጣው በውስጥ ያለው አሠራር ነው። የሚያሳዝነው ግን እንዲህ ያሉ ጥናቶች በአብዛኛው በባዕድ ቋንቋ በሚታተሙ መጽሔቶች ስለሚወጡ፣ ለተመራማሪው ጊዜውን ሰጥቶ መረጃ የነገረው አባል ውጤቱን ሳይሰማ መቅረቱ ነው።

ከሩቅ አገር የመጣ ትምህርት

በካናዳ የሳስካችዋን ክፍለ ሀገር የስንዴ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያቋቋሙት የጋራ ማኅበር በአገሪቱ ከታወቁ የእህል ድርጅቶች አንዱ ለመሆን በቅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ለመስፋፊያ ካፒታል ሲል ድርሻውን በቶሮንቶ አክሲዮን ገበያ ለሕዝብ አቀረበ። በብድር ጭምር ትላልቅ ግንባታዎች ውስጥ ገባ። ግንባታው የታሰበውን ገቢ ሳያስገኝ ቀርቶ ድርጅቱ በዕዳ ተያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ2005ም ኅብረት ሥራ መሆኑ ቀርቶ ወደ ተራ ኩባንያነት ተለወጠ።

ጉዳዩን ያጠኑት ፕሮፌሰር መሪ ፉልተን ካነሷቸው ምክንያቶች ዋነኞቹ የሥራ አስኪያጆች ከልክ ያለፈ በራስ መተማመንና የገበሬዎቹ ቦርድ የቁጥጥር ድክመት ናቸው። ቦርዱ የተመረጠው በአባላት ነው፤ ነገር ግን የቀረበለትን ዕቅድ በሚገባ አልመረመረም። ቢያትሪስ ዌብ ከመቶ ዓመት በፊት የፈሩት ነገር በሌላ አገርና በሌላ ሰብል ደረሰ። እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው ማደግ ራሱ ጥፋት አለመሆኑን ነው። ጥፋቱ ዕድገቱን የሚከታተል ዓይን መድከሙ ነው።

አዲሱ መለኪያ

የዘላቂነት ጥናት ዛሬ ከመጽሐፍ ወጥቶ ሕግ ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት ቡናን ጨምሮ በሰባት የምርት ዓይነቶች የሚነግዱ ድርጅቶች፣ ምርቱ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣቱን ማረጋገጥ አለባቸው። ምርቱ የበቀለበት ማሳ የሚገኝበት ቦታ በካርታ ነጥብ መመዝገብ አለበት። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ የተራዘመ ቢሆንም ገዢዎች ከወዲሁ መረጃ መጠየቃቸው አልቀረም።

በጥላ ዛፍ ሥር ቡና የሚያመርት አርሶ አደር ደኑን የጠበቀ ሆኖ ሳለ ማስረጃ ስላልያዘ ብቻ ከገበያ ሊወጣ ይችላል። ማሳው አነስተኛ የሆነ አባል ብቻውን ይህን ማስረጃ ማዘጋጀት አይሆንለትም። እዚህ ላይ ነው ዩኒየን የሚያስፈልገው። መረጃው በአባላት ስም በዩኒየኑ እጅ ከተያዘ የመደራደሪያ ጉልበት ይሆናል። ላኪው ወይም ገዢው ብቻ ከያዘው ግን አርሶ አደሩ በገዛ ማሳው መረጃ የሌላ ሰው ጥገኛ ይሆናል። የሮችዴል ሸማኔዎች ሚዛኑን ወደ ራሳቸው እጅ እንዳስገቡት ሁሉ፣ የዛሬው አባልም የማሳውን መዝገብ በራሱ ማኅበር እጅ ማድረግ ይጠበቅበታል።

ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ከዚህ ረጅም ታሪክ በመነሣት በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሊነሡ የሚገባቸው ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. ዩኒየኑ ምርቱን የሸጠበት ዋጋና አባሉ እጅ የገባው ገንዘብ ልዩነት ስንት ነው? በመካከል ያለው ወጪስ በዝርዝር ቀርቧል? የምስክር ወረቀት ጭማሪ ካለ ለምን ዋለ?

2ኛ. በቀበሌው ካሉት አርሶ አደሮች አባል ያልሆኑት እነማን ናቸው? ለምንስ ቀሩ? ዕጣ መግዣ ያጡ፣ ሴት የቤተሰብ ኃላፊዎችና መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶች በአባልነትም በኮሚቴም ምን ያህል ቦታ አላቸው?

3ኛ. ትልቅ ብድር ወይም ግንባታ ሲታቀድ የቁጥጥር ኮሚቴው ዕቅዱን ለመመርመር በቂ ሥልጠናና ጊዜ አግኝቷል?

4ኛ. የአባላት ማሳና ምርት መረጃ በማን እጅ ነው? ማኅበሩን ያጠና ተመራማሪ ውጤቱን አባላት በሚገባቸው ቋንቋ ተመልሶ አስረድቷል?

በየደረጃው ያሉ የኅብረት ሥራ ማደራጃ ባለሙያዎችና የወረዳ አስተዳዳሪዎችም በዚህ ረገድ ድርሻ አላቸው። ማኅበራትን በቁጥር ብቻ መመዘን በደርግ ዘመን ምን እንዳስከተለ ታሪክ መዝግቦታል። ኦዲት በወቅቱ እንዲሠራ ማድረግ፣ የተሠራውንም በአባላት ፊት ማስነበብ ከአዲስ ማኅበር ምሥረታ ያላነሰ አገልግሎት ነው።

ማኅበራዊ ሥራ ፈጠራና ዘላቂነት የሚሉት ስሞች ነገ በሌላ ስም ሊተኩ ይችላሉ። የማኅበር መጽናት ግን በስሙ የሚወሰን አይደለም። አባሉ ምርቱን ሲያስመዝን ሚዛኑን ማየት፣ ደረሰኙን ማንበብና ያልገባውን በጉባኤ ፊት መጠየቅ እስከቻለ ድረስ፣ ማኅበሩም መልስ ለመስጠት እስካልታከተ ድረስ፣ ሥራው ለቀጣዩ ትውልድ ይተላለፋል።